ፔጆ 404 ለድሬዳዋና ለሐረር፦ የትኛው ጄት፣ የትኛው መርፌ?

የፔጆ 404 ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያደባልቀውን ዕቃ) የሚያሳድስ ሰው ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ አንድ ምክር ሳይሰማ ከጋራዥ አይወጣም፦ «ለድሬ አንድ ጄት፣ ለሐረር ሌላ ጄት ይያዙ።» ጄት ቤንዚን ተለክቶ የሚያልፍባት፣ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቪቴ ናት። ምክሩ የብልህ ይመስላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ በመካከል ያለችው ሐረማያ ደግሞ ከሁለቱም በልጣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ አየር ሲሳሳ ቤንዚኑም መቀነስ አለበት። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። እኔ ግን ሁለት ጄት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ፤ ምክሩ የድሬን ፀሐይ ረስቷልና።

ለካርቡሬተር ቁም ነገሩ የአየሩ እፍጋት ነው፤ እፍጋቱን ደግሞ ከፍታም ሙቀትም ይቀንሱታል። በባሕር ወለል ላይ በ15 ዲግሪ ያለውን አየር 100 ብንለው፣ የድሬ አየር ከቀትር በኋላ 35 ዲግሪ ሲደርስ 81 ያህል ይሆናል። የሐረር አየር በ20 ዲግሪ 78 ያህል ነው። የ700 ሜትር ልዩነት በሙቀት ተበልቶ ሦስት ነጥብ ብቻ ቀረ ማለት ነው። የአየሩና የቤንዚኑ ድብልቅ በቤንዚን የሚበዛው በእፍጋቱ ካሬ ሥር ተገላቢጦሽ ልክ ስለሆነ፣ ለባሕር ወለል የተለካ ጄት ድሬ ላይ 11 በመቶ፣ ሐረር ላይ 13 በመቶ ያህል ቤንዚን ያበዛል። ለሁለት በመቶ ብሎ በሁለቱ ከተሞች መንገድ ላይ ባለው በደንገጎ ዳገት ጠርዝ ቆሞ ካርቡሬተር የሚፈታ ሰው ትርፍ ጊዜ ያለው መሆን አለበት። ማለዳ ድሬ ስትቀዘቅዝ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ያኔም ቢሆን ከአንድ ትንሽ የጄት እርምጃ አይበልጥም።

ስለዚህ ጥያቄው «ለየትኛው ከተማ?» መሆኑ ይቀርና «ከፋብሪካው ቁጥር ምን ያህል ልውረድ?» ይሆናል። ጄት ቤንዚን ተለክቶ የሚያልፍባት፣ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የናስ ቪቴ ናት። ሶሌክስ በተባለው ካርቡሬተር ጄት ላይ የተመታው ቁጥር የቀዳዳዋን ዲያሜትር በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይናገራል፤ 130 ማለት 1.30 ሚሊ ሜትር ነው። 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የተለያየ ካርቡሬተር ስለተገጠመለት የእርስዎ ቁጥር ሊለይ ይችላል። እዚህ 130ን ለስሌት ያህል ብቻ እንውሰድ።

130ን እንዳለ ቢተዉት ሞተሩ ይነሣል፣ ይሄዳልም። ነገር ግን ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይታፈናል፣ ትርፉ ቤንዚንም የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ይወርዳል። ወደ 125 ሲወርዱ የቀዳዳው ስፋት፣ በዲያሜትሩ ካሬ ልክ ስለሚለወጥ፣ 7.5 በመቶ ይቀንሳል፤ ድብልቁ አሁንም በጥቂቱ ወደ መብዛት ያዘነበለ ነው። 122.5 ደግሞ 11 በመቶ ይቀንሳል፤ በስሌት ለሐረር ልክክ ያለ ነው። 120 ግን 15 በመቶ ስለሚቀንስ የሳሳ ድብልቅ ይሰጣል። የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ሞተር ያግላል፤ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ቫልቭ የሚያቃጥለው እንዲህ ባለ ጄት ነው።

የእኔ ምርጫ 125 ነው። በስሌት ያሸነፈው 122.5 እያለ ለምን ቢሉ፣ መኪና መንደር ውስጥ ታስሮ አይኖርም። ከድሬ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ባሕር ወለል ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀትም ቢሆን ከ127 የማይርቅ ጄት ያስፈልገዋል፤ 125 እዚያ ጥቂት ይሳሳል እንጂ አይጎዳም፣ 122.5 ግን ያሰጋል። ከሐረርና ከአወዳይ ለማይርቅ ታክሲ 122.5ን አልቃወምም፤ በየወሩ የሚቆጥበው ቤንዚን ይታወቀዋል። 120 የሚሸጥልዎትን ሰው አመስግነው ይለፉት።

ጉልበት ፈልጎ ትልቅ ጄት የሚገዛም አለ። 404 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ ማሸነፉ ይህን ምኞት ሳያባብስ አልቀረም። ይሁን እንጂ 1,618 ሲሲው ሞተር ሐረር ላይ ከአንድ አምስተኛ በላይ አየሩን አጥቷል፤ የጠፋውን አየር የሚመልስ ጄት የለም። የካንዴላውን እሳት ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይሻላል፣ ያውም ያለ ክፍያ።

የተገዛው ጄት ልክ መሆኑን ካንዴላ ይነግራል። ዳገቱን በደንብ ይውጡ፣ ሞተሩን ሳያዘገዩ ያጥፉ፣ ካንዴላውን ፈትተው ይዩ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ሳስቷል፣ በጥቂቱ እንደተቆላ ቡና ፈዛዛ ቡኒ ከሆነ አይንኩት። የአየር ፊልትሮው የታፈነ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ፈተና ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ መርፌው። የሶሌክስ መርፌ በጄቱ የሚያልፈውን ቤንዚን አይለካም፤ ተንሳፋፊው ሲነሣ ከፓምፕ የሚመጣውን ቤንዚን የሚዘጋ ቫልቭ ነው። በገበያ ሁለት ዓይነት ይገኛል፦ ጫፉ ብረት የሆነና ጫፉ ቪቶን የተባለ ጎማ የሆነ። የብረቱ ጫፍ በኮረኮንች መንገድ ተንሳፋፊው ሲዘል ከመቀመጫው ጋር እየተጋጨ ቀለበት ይቆፍራል፤ ከዚያ መንጠባጠብ ይጀምራል፣ ሞተሩም ሞቆ ከቆመ በኋላ አልነሣም ይላል። ጎማው ትንሽ አሸዋ ቢገባበት እንኳ አቅፎ ይዘጋል። ድክመቱ መኪናው ወራት ሲቆም ይታያል፦ ቤንዚኑ ደርቆ ሙጫ ሲሆን ጎማው ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል፤ ኃይለኛ የካርቡሬተር ማጠቢያም ያሳብጠዋል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚሠራ ታክሲ ቪቶን፣ ለሰርግና ለበዓል ብቻ ከግቢ ለሚወጣ መኪና ብረት።

ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ መርፌና መቀመጫ አብረው ይገዛሉ። ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ቀጭን ቀለበትም ውፍረቷን ሳይለኩ አይጣሏት። ወፍራም ቀለበት መርፌውን ዝቅ ስለሚያደርገው የቤንዚኑ ከፍታ ይወርዳል፣ ድብልቁም ይሳሳል። በጄት ላይ የሚወርደው እርግማን ግማሹ የዚህች ቀለበት ሥራ ሳይሆን አይቀርም። የመቀመጫው ቀዳዳ ቁጥር ከነባሩ መብለጥ የለበትም፤ ሰፊ ቀዳዳ የሚያመጣው ጉልበት ሳይሆን ጎርፍ ነው።

ዕቃው ከየት ይምጣ? ሦስት መንገድ አለ። ያልተነካ የድሮ ኦሪጅናል ጄት ውድ ነው፣ ግን ቁጥሩ ይታመናል። የማደሻ ኪት ርካሽ ነው፤ ጋስኬቱና መርፌው ብዙ ጊዜ ደህና ሲሆን የጄቱ ቁጥር ግን ሊዋሽ ይችላል። 1.25 ሚሊ ሜትር የመሰርሰሪያ ጭራ በእጅ ገብቶ 1.30ው እንቢ ካለ 125 ነው ብለው መቀበል ይችላሉ። ሦስተኛው፣ አሮጌውን ጄት በቆርቆሮ ብየዳ ደፍኖ እንደገና መብሳት ነው። ይህን አልመክርም፤ ቤንዚን የሚያሳልፈው የቀዳዳው ስፋት ብቻ ሳይሆን የአፉ ቅርጽ ጭምር ስለሆነ፣ በአንድ መሰርሰሪያ የተበሱ ሁለት ጄቶች እኩል ላያሳልፉ ይችላሉ። የቆሸሸ ጄትም በአየር ይነፋል እንጂ በሽቦ አይጎረጎርም።

ሙሉ ካርቡሬተሩን ዌበር በተባለ ሌላ ካርቡሬተር መቀየር ጥሩ የሚሆነው የሶሌክሱ የቢራቢሮ ዘንግ አልቆ ከጎን አየር ሲስብ ነው። ከዚያ በፊት ወጪ ነው።

የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ሒሳቡ ይለይበታል። ኤስዩ በተባለው የእንግሊዝ ካርቡሬተር ውስጥ ጄቱ አንድ ነው፤ ቤንዚኑን የሚለካው ከፒስተኑ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ሾጣጣ መርፌ ነው። ኤምጂ ቢ በተባለው መኪና ጥንድ ኤችኤስ4 የኤስዩ ካርቡሬተሮች ላይ መደበኛው መርፌ ቁጥር 5፣ ቤንዚን የሚያበዛው 6፣ የሚያሳሳው 21 ነው። ለሐረር ሲባል 21ን ለመግዛት አይቸኩሉ። መጀመሪያ ከሥር ያለውን የጄት ማስተካከያ ዳዶ ወደ ላይ ያሽከርክሩ፤ ያ ብቻውን ድብልቁን ያሳሳዋል። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ በሙሉ ፔዳል አሁንም ጥቁር ጭስ ካለ ያኔ 21 ይግባ። ለሁለቱም ካርቡሬተሮች አንድ ዓይነት መርፌ ይግዙ፣ ሲገጥሙም የመርፌው ትከሻ ከፒስተኑ ግርጌ ጋር እኩል ይሁን።