ትራንስፓይለር ወይስ ፖሊፊል? አዲስ ጃቫስክሪፕት በአሮጌ ብራውዘር

ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ እንጂ የሚፈቱት ችግር ለየቅል ነው። እንደ ባቤል ያለ ትራንስፓይለር አጻጻፉን ይለውጣል፤ በ2015 የመጣውን የቀስት ፈንክሽን (በ=> የሚጻፈውን) ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ወደሚያውቀው ተራ ፈንክሽን ይመልሰዋል። ፖሊፊል ኮዱን አይነካም፤ ብራውዘሩ የሌለውን፣ ለምሳሌ ፕሮሚስን (ወደፊት የሚደርስ ውጤትን የሚወክለውን)፣ ገጹ ሲከፈት ይጨምርለታል።

ስህተታቸውም ይለያል። ብራውዘሩ የማያውቀው ምልክት አንድ ቦታ ካለ ፋይሉ በሙሉ ይወድቃል፤ አንድም መስመር አይሠራም። የጎደለው ሜተድ ከሆነ ግን ኮዱ እዚያ መስመር እስኪደርስ ደህና ይሄዳል። በፍተሻ የሚያመልጠውም ይሄኛው ነው።

አሲንክ ፈንክሽን፣ ማለትም ውጤቱን በፕሮሚስ የሚመልሰው፣ ሁለቱንም ይፈልጋል፦ አጻጻፉን ባቤል፣ ፕሮሚሱን ፖሊፊል። በባቤል 7 ፕሪሴት ኤንቭ (የተዘጋጀ የባቤል ቅንብር) ላይ ዩዝቢልትኢንስ የተባለውን አማራጭ «ዩሴጅ» ብሎ፣ የኮር ጄኤስን (የፖሊፊል ስብስቡን) ቁጥር 3 አድርጎ መሙላት የሚያስፈልገውን ፖሊፊል ብቻ ያስገባል። ሁሉንም ከመጫን ይሄ ይሻላል።

የሚዘነጋው የተጫኑ ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው ኮዶች) የሚቀመጡበት የኖድ ሞጁልስ ፎልደር ነው። ብዙ ጊዜ ከባቤል ውጭ ስለሚደረግ፣ ከአንድ ላይብረሪ ሾልኮ የገባ የቀስት ፈንክሽን ገጹን ባዶ ያደርገዋል። ፕሮክሲን (የኦብጀክትን ንባብና ለውጥ መሃል ገብቶ የሚይዘውን) ደግሞ ሁለቱም አሟልተው አያመጡትም፤ በእሱ ላይ የቆመ ላይብረሪ ከመጀመሪያው አይመረጥ።