ለሃይማኖታዊ የክትባት ማመልከቻ የሕግ ምክር፦ በሜሪላንድ ያገኘሁት አገልግሎት

ለአንድ የሆስፒታል ድርጅት የክፍያ ሰነድ አዘጋጃለሁ፤ ሥራዬንም ሙሉ በሙሉ የምሠራው ከቤቴ ነው። በ2023 መገባደጃ ላይ መሥሪያ ቤቴ የኮቪድ ክትባት ያልወሰደ ሠራተኛ፣ ከቤት የሚሠራም ቢሆን፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንደሚወጣ አስታወቀ። በሃይማኖት ምክንያት እንዲያልፉኝ ያቀረብኩት ማመልከቻ በሁለት መስመር ኢሜይል ውድቅ ሲሆንብኝ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ የሕግ ቢሮ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ለአንድ ሰዓት 250 ዶላር ነበር። ጠበቃዋ ደብዳቤዬን አንብበው፣ «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» ከሚለው ሥር በእርሳስ አሰመሩና «የከለከለው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ክትባቱን አልከለከለችም፤ የነፍስ አባቴም የድጋፍ ደብዳቤ ብለምናቸው «ልጄ፣ እሷ ያላለችውን አለች ብዬ አልጽፍም» ብለውኛል። ጠበቃዋ ግን ይህን እንደ ጉድለት አልቆጠሩትም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የሚጠብቀው የቤተ እምነቱን ይፋዊ አቋም ብቻ ሳይሆን የግለሰቡን ከልብ የሆነ እምነት ጭምር መሆኑን አስረድተው፣ በክትባቶቹ ምርት ወይም ሙከራ ላይ ከአሥርተ ዓመታት በፊት በውርጃ ከተወገዱ ፅንሶች የመጡ የሕዋስ ዝርያዎች መዋላቸው ለምን ሕሊናዬን እንደሚከብደው በራሴ ቃል እንድጽፍ አደረጉኝ። የተዘጋጀ ቅጽ ሰጥተው አለማሰናበታቸውን ከሁሉ በላይ አከብርላቸዋለሁ።

ከቤት ለሚሠራ ሰው ትልቁ ጉልበት ግን ሌላ ቦታ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2023 በግሮፍ እና በዲጆይ ክርክር በሙሉ ድምፅ እንደወሰነው፣ አሠሪ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚከለክለው ለሥራው ከፍ ያለ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትልበት ሲያስረዳ ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ከ1977 ጀምሮ፣ ጥቂት ወጪም ይበቃ ነበር። ታካሚ በአካል የማያይ፣ ከባልደረባ ጋር አንድ ክፍል የማይጋራ ሰው አለመከተቡ አሠሪውን ምን ያስወጣዋል? ጠበቃዋ ይህንኑ ጥያቄ በጽሑፍ አቀረቡ፤ የመግቢያ ካርዴ በ18 ወራት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተነካ የሚያሳየውን መዝገብም አያያዙበት። መሥሪያ ቤቱ መልስ አላገኘለትም፤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። በሜሪላንድ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው በ300 ቀን ውስጥ መሆኑን የነገሩኝ በሁለተኛው ቀጠሮ፣ 41 ቀን ሲቀረኝ ነበር፤ ይህ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የስልክ አስተርጓሚው ነው። «ማተቤን አልበጥስም» ስል «የአንገቴን ክር አልቆርጥም» ብሎ ተረጎመው፤ ጠበቃዋም አንገቴን ተመለከቱ። የእምነት ጽናት በሚመዘንበት ክርክር እንዲህ ያለ ስህተት ማመልከቻን ሊያበላሽ ይችላል። በሚቀጥለው ቀጠሮ እህቴን ይዤ ሄድኩ፤ ለእርሷ መገኘት ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁኝም።