«ዛሬ አትሂዱ» ላለችን፣ ኋላም «አሁኑኑ ሂዱ» ላለችን ሲስተር

ጅማ ላላችሁ ወላጆች በሙሉ፦ ይህን የምጽፈው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ሌሊት ስልክ የምታነሳ ነርስን ለማመስገን ነው። ስሟን እንዳልጠቅስ ስለለመነችኝ እኛ ቤት እንደምንጠራት «ሲስተር» ልበላት።

ከወር በፊት የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ብነካት ገላዋ እንደ ምጣድ ይፋጃል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ስትጨምቅ እኔ ባጃጅ ለመፈለግ ጫማዬን አስር ነበር። አምና በእንዲህ ያለ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ወስደናት አግዳሚ ወንበር ላይ ነግቶብናል። ማንም አልበደለንም፤ ከፊታችን በመኪና አደጋ የተጎዱ ሰዎች ነበሩ። ልጄ ግን ሳል ሳይኖራት ገብታ እያሳለች ወጣች።

ዘንድሮ ባለቤቴ «መጀመሪያ ደውል» አለችኝ። ሲስተር ሰላምታ አላበዛችም። «ትጠጣለች? የጠጣችውን ሁሉ ታስመልሳለች? አንቀጥቅጧታል? ስትጠራት ዓይኗን ገልጣ ታይሃለች?» ቀጥላ «ልብሷን ግለጥና ደረቷን እያየህ ትንፋሿን ቁጠር፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ፣ ሰዓቱን እኔ እይዝልሃለሁ» አለች። ባለቤቴ በባትሪ እያበራች ቆጠርኩ። 34። «ድገመው።» 36። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ፈጣን ትንፋሽ እንደሚባልና የሳንባ ምች እንደሚያስጠረጥር ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው።

ጋቢውን አስወለቀችን። የፓራሲታሞሉን ጠርሙስ ጽሑፍ አስነበበችኝና በልጅቷ ኪሎ አስልታ መጠኑን ነገረችኝ። ስለ ዳማ ከሴው እናቴ ራሷ ጠየቀቻት። «እማማ፣ ሽታው ለቤቱ ይሁን፤ ለእርሷ አያጠጧት» አለቻት። እናቴ እስከ ዛሬ እንደተቀየመች ናት።

«ዛሬ ድንገተኛ ክፍል አያስፈልጋችሁም። ጠዋት ግን ጤና ጣቢያ ውሰዷትና ደሟ ለወባ ይታይ፤ ትኩሳቱ ቢበርድም እንዳትቀሩ። እስከዚያ ከጠየቅሁህ ምልክቶች አንዱ ከታየ ሳትደውልልኝ ሂድ።» 10 ሰዓት ላይ መልሳ ደወለች፤ እኔን ከእንቅልፍ ቀሰቀሰችኝ፣ ልጅቷ ተኝታለች። ጠዋት ደሟ ታይቶ ወባ አልተገኘባትም።

እውነቱን ለመናገር፣ ስልክ ይዞ ለሁሉም «ሐኪም ቤት ሂዱ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚወቅስ የለም። እኔ ሙሉ በሙሉ ያመንኳት ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ጎረቤታችን ራሷን ክፉኛ አሟት ዓይኗ ብዥ አለባት። እኔ ራሴን ሐኪም አድርጌ «ትረፍ፣ ይሻላታል» እያልኩ ነበር። ሲስተር በኦሮምኛ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀቻትና ስልኩን ለእኔ አሰጠች። ድምጿ ሌላ ነበር፦ «የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ባጃጁ በር ላይ ካለ አሁኑኑ፣ ነገ እንዳትል።» ሆስፒታል ስትደርስ ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘና አስተኟት። አሁን ደህና ናት።

ቁጥሩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ክሊኒኩን አስፈቅጃለሁ። ክፍያው ለሌሊት ባጃጅ ከምናወጣው ያንሳል። ስትደውሉ የልጁን ኪሎ እወቁ፣ መድኃኒቱን በእጃችሁ ያዙ። ራሱን የሳተ፣ መተንፈስ ያቃተው ወይም ደሙ አልቆም ያለ ሰው ካለ ግን ለእርሷም አትደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።