ለደብረ ብርሃኗ አዋላጅ ሲስተር ምስጋና፣ ለነፍሰ ጡሮችም ጥቆማ

በደብረ ብርሃን አንድ ጤና ጣቢያ የሚያዋልዱ ሲስተር አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አይወዱም፤ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጠይቁን። በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የሕፃኑ ደም ከእንግዴ ልጅ ወደ ራሱ ሳንባ የሚዞርባትን ጊዜ እንደ እሳቸው ተጠንቅቆ የሚይዝ ሰው ብዙ አይገኝም።

ለእናቶች የሚያስረዱት እንዲህ ነው። ጽንሱ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጅ ነው። እትብቱ አንድ ደም መልስና ሁለት ደም ቅዳ አለው፤ ንጹሑን ደም የሚያመጣው ደም መልሱ ነው። ከፊሉ ጉበትን በአቋራጭ አልፎ ልብ ይደርሳል፤ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ባለችው ቀዳዳ ወደ ግራ ይሻገርና ለልብና ለአንጎል ይዳረሳል። ወደ ቀኙ የታችኛው ክፍል የወረደው ደም ደግሞ አብዛኛው ሳንባ ሳይገባ በአንዲት አጭር ቧንቧ ወደ ትልቁ ደም ቅዳ ይሄዳል። ይህቺን ቧንቧ ክፍት የሚያደርጋት ሰውነት የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የሕመም ማስታገሻዎቹ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እሱን ስለሚቀንሱ በእርግዝናው መጨረሻ ወራት ቧንቧዋን ያለጊዜዋ ሊያጠቧት ይችላሉ። ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥን ሲስተር አጥብቀው የሚከለክሉት ለዚህ ነው፤ ልክ ናቸው።

ሕፃኑ ደህና ሆኖ ሲወለድ እናቱ ደረት ላይ ያስተኙትና እትብቱን ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ሳይቆርጡ ይቆያሉ። በዚያች ጊዜ ከእንግዴ ልጅ ተጨማሪ ደም ይገባለታል፣ ብረቱም ለወራት ይጠቅመዋል። ካልተነፈሰ ግን ቆርጠው፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በአምቡባግ (በእጅ በሚጨመቅ የአየር መስጫ ከረጢት) አየር መስጠት ይጀምራሉ። ሳንባ ሲነፋ የሳንባ ደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ በግራ በኩል ግፊቱ ይጨምርና ቀዳዳዋ ትገጠማለች። ቧንቧዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3 ቀን ድረስ ትጠባለች፤ የሚያጠባት አንዱ ኦክስጅን ነው።

ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ብርዱንም ታውቁታላችሁ። ሕፃን ሲበርደው የሳንባው ደም ሥሮች ተመልሰው ይጠባሉ፣ ደሙም በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ወዲያው ያደርቁታል፣ ኮፍያ ያደርጉለታል፣ ገላውን 24 ሰዓት ሳይሞላ አያሳጥቡም። በፐልስ ኦክሲሜትር (የደሙን ኦክስጅን በቆዳ ላይ በሚለካ መሣሪያ) ቀኝ እጁንና አንድ እግሩን ይለካሉ፤ የሁለቱ ልዩነት ከ3 በመቶ ከበለጠ ደግመው ያያሉ። በመጀመሪያው ቀን እጅና እግር ብቻ ቢጠቁር አያስደነግጥም። ከንፈርና ምላስ ከጠቆረ፣ ወይም ሲጠባ እያላበው ከደከመ ግን ኦክስጅን ሰጥተው ወዲያው ሪፈር ይጽፋሉ፤ ነገ እናየዋለን አይሉም።

ከአንኮበርም ከጣርማ በርም የምትመጡ፣ ቀናችሁ ሲቃረብ ቀድማችሁ ከተማ ግቡ፤ የክትትል ካርዳችሁን አትርሱ። ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።