የአርበኞች ቀን መሰናዶዎች፦ የማንን ካሜራ ነው የምናየው?

ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ስለ አምስቱ ዓመት ተጋድሎ ዘጋቢ ፊልም ያቀርባሉ፤ ራዲዮኖችም የየራሳቸውን መሰናዶ ያሰማሉ። ሁለቱንም አዘውትሬ እንደምከታተል ሰው፣ ታሪኩን በሚገባው ክብር እያቀረበልን ያለው ራዲዮ ነው እላለሁ።

የቴሌቪዥኑ ድክመት ከምስሉ ይጀምራል። ተራኪው የበላይ ዘለቀንና የኃይለ ማርያም ማሞን ጀግንነት እያወሳ፣ ከሥሩም ሽለላው እየተሰማ፣ በመስኮቱ የሚታየው ግን ቦምብ ጣይ አውሮፕላን፣ በተርታ የሚጓዝ ካሚዮንና ሰንደቅ ዓላማውን የሚሰቅል የጣሊያን ወታደር ነው። ይህ ምስል በአብዛኛው ሉቼ የተባለው የፋሺስት መንግሥት የፊልም ተቋም ወረራውን ለማወደስ ያነሣው ነው። በዱር በገደል የሚዋጋ አርበኛ ካሜራ ተሸካሚ አልነበረውምና በዚህ ምስል መጠቀም በራሱ አያስወቅስም፤ የሚያስወቅሰው ማን፣ ለምን ዓላማ እንዳነሣው ለተመልካቹ አንድም ቃል ሳይነግሩ ማሳየት ነው። ከአውሮፕላን የተረጨው የመርዝ ጋዝ ያቃጠለው ገላ፣ የየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መረሸን በዚያ ፊልም ውስጥ ቦታ የላቸውም። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በጋዙ መጠቀሙን ያመነው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1996 መሆኑን ስናስብ፣ ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑ ይገባናል።

ራዲዮ ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት በአማርኛ ያሰሙት ንግግር፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኩት ከሞከሩ በኋላ በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ ሲነገር መስማት ከማንኛውም ትረካ ይበልጣል። ከቆዩ የቴፕ ቅጂዎች አንዲት የውስጥ አርበኛ ጥይት በበርበሬ ቁና ሥር ደብቀው ኬላ እንዴት እንዳለፉ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ፈታሹ እጁን ሲሰድ በርበሬው አስነጥሶት እንደተወው ሲደርሱ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ምስክር በሕይወት አናገኝም። ቅጂው መቼና የት እንደተቀዳ አለመነገሩ ግን ሊታረም ይገባል።

ስለ ባንዳ ሁለቱም ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል።

ለማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ከቀኑ ይልቅ የሌሊቱን ድጋሚ ስርጭት ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ በማስታወቂያ ስለማይቆራረጥ የአረጋውያኑ ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማል።