ድመት ይዞ አባይን መሻገር፦ ኬጅ፣ ቦርሳ ወይስ ቅርጫት?

ዝውውር ደረሳችሁና ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ልትገቡ ነው እንበል። አልጋና ቁም ሳጥኑ በአይሱዙ ይሄዳል። ድመቷስ? ለጎረቤት ሰጥቶ መሄድ አንጀት አይችልም። ይዞ መሄድ ደግሞ እስከ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ባሕር ዳር 560 ያህል ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ካርቶን አይጠፋም" ብሎ ነገሩን ለዋዜማው ይተወዋል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት እሷ የምትገባበት ዕቃ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱ መንገዱ ነው። ጎሐ ጽዮን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ከደረሳችሁ ጃኬት ያስፈልጋል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከፍታው 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ጃኬቱም ሹራቡም ይወልቃል። ቀጥሎ እየተጠማዘዙ ወደ ደጀን መውጣት ነው። እኛ ያልበናል፣ መስኮት እንከፍታለን፣ ውሃ እንጎነጫለን። ድመት የሚያልባት በመዳፏ ነው፤ ያ ደግሞ እምብዛም አያቀዘቅዛትም። ሲብስባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ውሻ ቢያለከልክ ደንቡ ነው፤ ድመት ስታለከልክ ግን ቶሎ ሊደረስላት ይገባል።

ስለዚህ ዕቃዎቹን የመዘንኳቸው በሁለት ጥያቄ ነው። አባይ በረሃ ውስጥ አየር ይሰጣታል ወይ? ጥፍሯንና ግፊቷን ይችላል ወይ? ዋጋና ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ከምርጫው የሚወጡት

ማዳበሪያ። በገጠር ድመት ለአይጥ ስትፈለግ ከቤት ወደ ቤት የምትሄደው በማዳበሪያ ተቋጥራ ነው። ለአጭር መንገድ ለምደነዋል፤ ለረጅም ጉዞ ግን ማፈን ነው። አፉ ሲታሰር አየሩ ያንሳል፣ ከሸናችበት በኋላ ደግሞ ሽታው ራሱ ይደፍናታል። ፖርቶ መጋላ ላይ ከሻንጣ ጋር ተጥላ ፀሐይ እየመታት ስትሄድ ማሰብ ያማል። እባካችሁ ይቅር።

ካርቶንም ያው ነው። በቢላ ቀዳዳ ይበጅለታል፣ በፕላስተር ይታሸጋል፣ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል። ድመቷ ግን የምትጀምረው ከዚያው ቀዳዳ ነው። መጀመሪያ አፍንጫዋን ታስገባለች፣ ቀጥሎ መዳፏን፣ ከዚያ ጠርዙን በጥርሷ እየገመጠች ታሰፋዋለች። ሽንት ሲነካው ደግሞ መቀመጫው ይበሰብስና ስታነሱት ይዘረገፋል። ቁልቁለቱ ላይ የወጣች ድመት የምትገባው ሹፌሩ እግር ስር ነው፣ ፍሬኑ ጋ። ይህ ለእሷ ብቻ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ላለ ሁሉ አደጋ ነው።

ጠንካራው የፕላስቲክ ኬጅ

የላይና የታች ግማሹ በመቆለፊያ የሚገጠም፣ ከፊቱ የሽቦ በር ያለው ነው። በጎንና በኋላ የአየር ማስገቢያ አለው። ገንዘቡ ካላችሁ ይህን ግዙ።

አንደኛ ቅርጹን ይይዛል። ሹፌር ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ሻንጣ ቢወድቅበት፣ ድመቷ ላይ አይተኛም። ሁለተኛ ይታጠባል። ረጅም መንገድ ላይ ወይ ትሸናለች ወይ ታስመልሳለች፤ ማርቆስ ስትደርሱ በውሃና በሳሙና ለቅለቅ አድርጋችሁ ማድረቅ ትችላላችሁ። ሦስተኛ የላይኛው ክፍል ይነሳል። ፈርታ ጥግ ይዛ አልወጣም ስትል በጠባቡ በር እጅ ሰዶ መጎተት አያስፈልግም።

ከጣሪያው ላይም ተጨማሪ በር ያለው አለ። ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ዋጋው ይገባዋል። ድመት በፊት በር ስትገፋ አራት እግሯን ዘርግታ በሩን ትይዛለች። ከላይ ግን ቀስ ብሎ ማውረድ ነው።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ "ሰፋ ካለ ይመቻታል" ይላል። መቆም፣ ዞር ማለትና ተጋድማ መተኛት ከቻለች በቂዋ ነው። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር ለኩና ርዝመቱ የዚያን አንድ ተኩል ያህል ይሁን። ከዚያ በላይ ሲሰፋ በየጠመዝማዛው ከግድግዳ ግድግዳ ትንሸራተታለች፤ ይህ ደግሞ ማቅለሽለሹን ያብሳል።

ቦታው ከፊት ወንበር ኋላ፣ ወለሉ ላይ ነው። በሁለቱ ወንበሮች መሃል ጥብቅ ብሎ ስለሚቀመጥ አይንቀሳቀስም። ወለሉ ካልበቃው ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ እሰሩት። የፊት ወንበር ላይ አይሁን፤ ኤርባግ ከፈነዳ ኬጁን ይጨፈልቀዋል።

ጉድለቱ? ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል፣ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል። ርካሹ ላይ ደግሞ የበሩ መቆለፊያ ስስ ፕላስቲክ ነው።

የጨርቅ ቦርሳ

ቀላል ነው፣ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ይቀመጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደጀን ምሳ ለመብላት ስትቆሙ ድመቷን መኪና ውስጥ ቆልፋችሁ መግባት አትችሉም። ውጭው 24 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት 40 ዲግሪን ያልፋል። ስለዚህ በቆማችሁ ቁጥር አብራችሁ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ቦርሳው ከኬጁ ይሻላል።

ችግሩ ዚፑና መረቡ ናቸው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባል የለ። ቤት ውስጥ ጸጥ ያለችው ድመት መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ጥፍሯን ታወጣለች። መረቡን አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ ትቧጭራለች፤ አንድ ክር ሲበጠስ ሌላው ይከተላል። ዚፑንም በአፍንጫዋ እየገፋች ትከፍተዋለች። የዚፑን ሁለት ራስ በካራቢነር (በሚዘጋ የብረት መንጠቆ) ወይም በሲባጎ አንድ ላይ ማሰር ግድ ነው። ሽንት ሲነካው ደግሞ ስፖንጁ ይመጠዋል፣ እስክትደርሱም አይደርቅም።

እርጋታ ያላት፣ ቦርሳውንም አስቀድማ የለመደች ድመት ካለቻችሁ ይሠራል። ለሃይለኛ ወንድ ድመት አልመክርም።

አንድ ዓይነት ግን ጨርሶ ተዉት፤ ያ መስኮቱ ክብ ጥርት ያለ ፕላስቲክ የሆነውን የጀርባ ቦርሳ። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ልጆችም ይወዱታል። የአባይ በረሃ ፀሐይ በዚያ ፕላስቲክ ገብቶ ውስጡን ያግለዋል፤ ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ሙቀቱን አያስወጡም።

የቀርከሃ ቅርጫት

ይህን የምጽፈው ከጎጃም በኩል ለሚነሱት ነው። አዊ የቀርከሃ አገር ነው። እንጅባራ አካባቢ ባለሙያዎቹ ከቀርከሃ ወንበርም ቅርጫትም ይሠራሉ። ክዳን ያለው፣ ጥብቅ ብሎ የተጎነጎነ ቅርጫት ቢታዘዝ እንዴት ያለ የድመት ማጓጓዣ እንደሚወጣው! አየር በዙሪያው ይገባል፣ ውስጡ ጨለም ስለሚል ድመቷ ትረጋጋለች፣ ፕላስቲክ እንደሚያደርገው ሙቀት ይዞ አያፍንም።

ስታዝዙ ሦስት ነገር ንገሯቸው። ክዳኑ በአንድ ጎን የተሰፋ፣ በሌላው ሁለት ቦታ የሚታሰር ይሁን። ጉንጉኑ መሃል መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት አይኑር። መቀመጫው በወፍራም ቀርከሃ ይደገፍ። ቤት ስትወስዱት ደግሞ እጃችሁን ውስጥ አስገብታችሁ ዙሪያውን ዳብሱ። ስንጥር ካገኛችሁ በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት፤ ለእጅ የሚሻክር ለመዳፏም ይሻክራል። ከሥሩ ላስቲክ፣ በላዩ አሮጌ ፎጣ አንጥፉ።

የማይችለው ግጭትን ነው። ሻንጣ ቢወድቅበት ይጎብጣል። ሽንትም ከገባው ሽታው አይለቅም። ያም ሆኖ ሙቀቱን ሳስብ ከርካሽ የጨርቅ ቦርሳ አስበልጠዋለሁ፤ ከጥሩ ኬጅ ግን አላስበልጥም።

የሽቦ ቀፎም አለ፤ ተጣጣፊው። አየሩ እንደ ልብ ነው፤ ግን አራቱም ጎን ክፍት ስለሆነ የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ ያስደነብራታል። በነጠላ ሦስቱን ጎን ከሸፈናችሁት ይሻሻላል። የኋላ ወንበሩን ሙሉ ይይዛል። ከሁለት ወር በላይ የሆናቸው ወንድማማች ግልገሎች ካልሆኑ በቀር ሁለት ድመት አንድ ላይ አታስገቡበት፤ የፈሩ ድመቶች እርስ በርስ ይነካከሳሉ።

በምን መኪና?

የራስ መኪና ወይም ኮንትራት ከሆነ ችግር የለም። እንደፈለጋችሁ ትቆማላችሁ፣ ኤሲ ትከፍታላችሁ። ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ከተነሳችሁ በረሃውን ፀሐዩ ሳይበረታ ታልፉታላችሁ።

ሚኒባስና አውቶብስ ላይ የሚከብደው መስኮቱ ነው። በረሃው መሃል ትንሽ ስትከፍቱት ከኋላ ያሉት እናት "ልጄ፣ እባክህ ዝጋው፣ ንፋስ መታኝ" ይላሉ። ልጅ ለእናት እምቢ አይልም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሹፌሩን አናግራችሁ በመስኮት በኩል፣ ፀሐይ በማይመታው ጎን ቦታ ያዙ። ረዳቱ "ላይ እንጫናት" ቢል አትስማሙ። አስፈላጊ ከሆነ የአንድ ሰው ሂሳብ ጨምራችሁ ኬጁን አጠገባችሁ አድርጉ። በሕዝብ መኪና የምትሄዱ ከሆነ ምርጫችሁ ትንሹ ጠንካራ ኬጅ ወይም ጥሩ መረብ ያለው ቦርሳ ነው፤ ቅርጫትና ቀፎ ቦታ አያገኙም።

በዚህ ዘመን ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ ደውሎ ሳያጣሩ አይነሱም። መንገድ ተዘግቶ ፍቼ ወይም ደጀን ማደር ሊመጣ ይችላል። ዕቃውን ስትመርጡ ይህንንም አስቡ፦ ድመቷ እዚያው ውስጥ አንድ ሌሊት ልታድር ትችላለች ወይ? ኬጁ ውስጥ ታድራለች። ቦርሳው ውስጥ ትሰቃያለች።

አብሮ የሚገዛው

ትንሽ ሳፋና አንድ ፌስታል ሰጋቱራ ወይም አሸዋ። ከሥሯ ለማንጠፍ የአልጋ ዳይፐር። ጥብቅ ክዳን ያለው የውሃ ጠርሙስና ሰሃን። ከመነሳታችሁ ከሦስትና ከአራት ሰዓት በፊት ጀምሮ ምግብ አትስጧት፤ ውሃ ግን በየፌርማታው ይቅረብላት። ወተት ደግሞ ይቅር። ብዙ ትልልቅ ድመቶች ወተት ያስቀምጣቸዋል፣ ያ ደግሞ መንገድ ላይ መከራ ነው።

መድኃኒት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ ቁራጩም ቢሆን። የሰው የእንቅልፍ ኪኒንም አይሰጥም። በጣም የምትረበሽ ወይም ሁልጊዜ የምታስመልስ ከሆነች የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ ለጉዞ የሚሆን መድኃኒት በክብደቷ ለክቶ ያዝላታል። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን አስከትቡ፤ ከጉዞው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ጥሩ ነው። ያልተከተበች ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ስትደርሱ አንድ ክፍል ዘግታችሁ ኬጁን ክፍቱን አስቀምጡላት፤ በራሷ ጊዜ ትወጣለች። ደጅ ለመልቀቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት ታገሡ፤ አዲስ ቦታ ቶሎ የተለቀቀች ድመት የድሮ ቤቷን ፍለጋ ትጠፋለች።

ሱቅ ስትገቡ

ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ግዙ፤ ቤት ውስጥ ክፍት አድርጋችሁ ምግቧን እዚያ ብታበሏት ትለምደዋለች። አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ 5 ኪሎ ዱቄት አስገብታችሁ በእጀታው አንጠልጥሉትና ወዘወዝ አድርጉት። እጀታው ከተነቃነቀ ወይም የላይና የታቹ መጋጠሚያ ከተላቀቀ መልሱ። በሩን ዝጉና ከውስጥ በኩል በመዳፋችሁ ግፉት፤ የላይና የታች መቀርቀሪያው ከጉድጓዱ ከወጣ ያ ኬጅ ለድመት አይሆንም። ቦርሳ ከሆነ መረቡን በጥፍራችሁ ቧጭሩ፣ ዚፑንም ከውስጥ በጣት ግፉ። ሻጩ "አይነካም" ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።