የፖስትግሬስ አናላይዝ ሲገመገም፦ ሥራውን ያውቃል፣ ሰዓቱን ግን እኛ ልንነግረው ይገባል

በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ አንድ ኪዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ የመረጃ ጥያቄ) ሲዘገይ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ኢንዴክስ፣ ማለትም ረድፎችን በፍጥነት ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ፣ መጨመርን ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ቆይቻለሁ። ካጋጠሙኝ ችግሮች ብዙዎቹ በኢንዴክስ እጥረት ሳይሆን ዳታቤዙ ስለ ራሱ ሰንጠረዦች የያዘው ስታቲስቲክስ ያረጀ ወይም ከናካቴው ያልተሰበሰበ በመሆኑ የመጡ እንደነበሩ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ እዚህ የምገመግመው ያንን ስታቲስቲክስ የሚሰበስበውን የአናላይዝ ትእዛዝና ትእዛዙን በየጊዜው በራሱ የሚያስኬደውን ኦቶቫኪዩምን ነው።

አናላይዝ ትልቅ ሰንጠረዥን ሙሉ በሙሉ አያነብም። በነባሪው ቅንብር 30,000 ረድፎችን በዘፈቀደ ይወስዳል፤ ሰንጠረዡ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ይኑረው አንድ ቢሊዮን፣ የናሙናው መጠን ያው ነው። ከናሙናው በመነሣት በየዓምዱ ባዶ የሆኑት ረድፎች ድርሻቸው ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት የተለያዩ እሴቶች እንዳሉ፣ ደጋግመው የሚመጡት የትኞቹ እንደሆኑ፣ የቀሩት በምን መልክ እንደተሠራጩ፣ እንዲሁም ረድፎቹ በዲስክ ላይ የተቀመጡበት ቅደም ተከተል ከእሴቶቹ ቅደም ተከተል ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ይመዘግባል። ፕላነሩ፣ ማለትም ኪዌሪው የሚሠራበትን መንገድ የሚመርጠው የዳታቤዙ ክፍል፣ በኢንዴክስ ለመሄድ ወይም ሰንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ፣ ሁለት ሰንጠረዦችንም በየትኛው ዘዴ ለማጣመር የሚወስነው እነዚህን ቁጥሮች አይቶ ነው።

ለሚሰጠው ጥቅም የሚጠይቀው ዋጋ በጣም ትንሽ ነው። በሚሠራበት ጊዜ ሌሎች ተጠቃሚዎች ሰንጠረዡን እንዳያነቡም ሆነ እንዳይጽፉበት አያግድም፤ በሥራ ሰዓት መካከል ያለ ስጋት አስኬደዋለሁ። በዚህ ረገድ ቅር የምሰኝበት ነገር የለኝም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከጊዜው ነው። በምሠራበት ቦታ ከሌላ ሥርዓት የመጣ መረጃ ሌሊት ሌሊት ወደ ጊዜያዊ ሰንጠረዥ ተጭኖ ወዲያው ከአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ጋር የሚጣመርበት ሥራ ነበረን። በጊዜያዊው ሰንጠረዥ ውስጥ ከሚገኙት አንድ ሚሊዮን ያህል ረድፎች ዘጠና በመቶ የሚሆኑት ሁኔታቸው «የተጠናቀቀ» የሚል ነበር፣ ኪዌሪውም የሚፈልገው እነዚህኑ ነበር። ኦቶቫኪዩም ግን ጊዜያዊ ሰንጠረዦችን አይነካም። ፕላነሩም ስታቲስቲክስ በሌለው ዓምድ ላይ 200 የተለያዩ እሴቶች እንዳሉ ስለሚገምት 5,000 ረድፎች ብቻ ይመጣሉ ብሎ ጠበቀ፣ የመጡት ግን 900,000 ነበሩ። ለ5,000 ረድፍ ተገቢ የሆነውን መንገድ መርጦ ለእያንዳንዱ ረድፍ ወደ ትልቁ ሰንጠረዥ ኢንዴክስ እየተመላለሰ ሥራው እስከ ንጋት ይዘልቅ ነበር። መፍትሔው ከጭነቱ በኋላ አናላይዝ የምትል አንዲት መስመር መጨመር ብቻ ሆነ። ይህን ያህል ምሽት ለዚህ ማለፉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ኪዌሪውን አስኪዶ የተመረጠውን መንገድ የሚያሳየውን ኤክስፕሌይን አናላይዝን አስኪደን የተገመተውንና በእርግጥ የመጣውን የረድፍ ብዛት ጎን ለጎን ብናይ ኖሮ ምክንያቱ በመጀመሪያው ቀን ይገለጥልን ነበር።

በቋሚ ሰንጠረዦችም ላይ ነባሪው ቅንብር ለትልልቆቹ የሚመች አይደለም። ኦቶቫኪዩም አናላይዝን የሚያስነሣው የተለወጡት ረድፎች ከሰንጠረዡ አሥር በመቶና ከተጨማሪ 50 ረድፎች ሲበልጡ ነው። አሥር ሺህ ረድፍ ላለው ሰንጠረዥ ይህ መልካም ነው። መቶ ሚሊዮን ረድፍ ላለው ግን ከአሥር ሚሊዮን በላይ ለውጥ እስኪጠራቀም ድረስ ፕላነሩ በአሮጌው ሥዕል ይመራል ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሰንጠረዦች በየግላቸው ድርሻውን ወደ አንድ በመቶ ዝቅ አደርጋለሁ። በክፍልፋዮች የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ያለው ሰው ደግሞ ኦቶቫኪዩም ክፍልፋዮቹን እንጂ እነሱን በአንድነት የሚይዘውን ወላጅ ሰንጠረዥ እንደማያይ አውቆ ለወላጁ ትእዛዙን ራሱ ቀጠሮ ሊያስይዝለት ይገባል።

ሌላው ድክመት ዓምዶችን አንድ በአንድ ማየቱ ነው። በአንድ የመኪኖች ሰንጠረዥ ውስጥ አምራቻቸው ቶዮታ የሆኑት አሥር በመቶ፣ ሞዴላቸው ኮሮላ የሆነው ሁለት በመቶ ነው እንበል። ኮሮላ ሁሉ ቶዮታ እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ ፕላነሩ ግን ሁለቱ ሁኔታዎች እንደማይዛመዱ ቆጥሮ ድርሻዎቹን ያባዛና ውጤቱ 0.2 በመቶ ነው ይላል፣ እውነቱ ግን ሁለት በመቶ ነው። የአሥር እጥፍ ስሕተት በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ሲታይ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ አራትና አምስት ሰንጠረዦች በሚጣመሩበት ኪዌሪ ግን ስሕተቱ በየደረጃው እየተባዛ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሥሪት 10 ለዚህ ክሪኤት ስታቲስቲክስ የሚባል ትእዛዝ አመጣ፣ ሥሪት 12 ደግሞ ደጋግመው አብረው የሚመጡ እሴቶችን መመዝገብ ጨመረበት። ከምወዳቸው የፖስትግሬስ ገጽታዎች አንዱ ነው። ሆኖም የትኞቹ ዓምዶች እንደሚዛመዱ በራሱ አያገኝም፣ ጠቋሚው ሰው ነው፤ ከተጠቆመም በኋላ አናላይዝ እስኪሠራ ድረስ አይጠቅምም።

ናሙናው ራሱ የሚያንሰው በተለይ የተለያዩ እሴቶችን ብዛት ሲገምት ነው፤ በጣም ትልቅ በሆነ ሰንጠረዥ ላይ ከእውነቱ በእጅጉ ያነሰ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ለዓምዱ የናሙናውን መጠን ማሳደግ ወይም እውነተኛውን ብዛት በእጅ መወሰን ይቻላል።

ሥሪት ለማሻሻል ለሚዘጋጁ አንድ ነገር ልጨምር። ዳታቤዙን ወደ አዲስ ሥሪት የሚያሻግረው ፒጂ አፕግሬድ የተባለው መሣሪያ እስከ ሥሪት 17 ድረስ ረድፎቹን እንጂ ስታቲስቲክሱን አያሻግርም ነበር፤ ዳታቤዙ ከማሻሻያው በኋላ ሲከፈት ፕላነሩ ባዶ እጁን ነበር የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሥሪት 18 አብዛኛውን ያሻግራል፣ በክሪኤት ስታቲስቲክስ የተሰበሰበውን ግን አያካትትም፣ እሱን ከማሻሻያው በኋላ እንደገና መሰብሰብ ግድ ነው። ከ18 በፊት ወዳሉት ሥሪቶች የሚያሻሽል ሰው አናላይዝን በዳታቤዙ ሰንጠረዦች ሁሉ ላይ ማስኬድ የሚችለውን ቫኪዩምዲቢ የተባለ መሣሪያ በደረጃ እንዲሰበስብ አድርጎ ያስኪደው፤ መጀመሪያ በጣም አነስተኛ በሆነ ናሙና ሁሉንም ሰንጠረዦች በፍጥነት ይዳስስና ቀጥሎ ዝርዝሩን እያሰፋ ይመለስባቸዋል፣ ተጠቃሚዎችም የመጨረሻው ዙር እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ሥራቸውን ሊጀምሩ ይችላሉ።